ነጣ ያለው ዱቄት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥቅምት ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለእታለሜ፣ ለታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ባሕሩንም በረሃውንም አቋርጦ ድንኳንሽ ድረስ ይግባ። እንዴት ነሽልኝ? ነፋሱና አቧራው ትንሽ ፋታ ሰጣችሁ? ሉሉስ እንዴት ናት? ሳቋ፣ እንቅልፏ፣ እግሮቿ እንዴት ናቸው? እግሮቿን ለይቼ ለምን እንደጠየቅሁ ዝቅ ብለሽ ስታነቢ ይገባሻል። እኔ ለአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ብርዱም ገና አልጠነከረም። ለሌላው ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

እናታችን በሕይወት ብትኖር፣ ሰላምታውን በወጉ ሳልጨርስ ወደ ጉዳይ መግባቴን አይታ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ዛሬ ግን ጊዜ የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሱዳን ወደ መጠለያችሁ የምትሄድ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ናት። ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል ትሰጥሻለች፤ ውስጡ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ዱቄት አለ። ለሉሉ ከእሱ ስጫት። በፊት የላክንላችሁን ነጣ ያለውን ዱቄት ግን ምግብ ነው ብለሽ አትመኪበት። እሱን ብቻ ስትጠጣ ከርማ ከሆነ፣ ደብዳቤውን እዚህ ላይ እጠፊውና ልጅቷን ታቅፈሽ ነርሷ ዘንድ ሂጂ። የቀረውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

ፎቶግራፏ ደርሶኛል። ከጀርባው፣ እንዴት እንደወፈረች እይልኝ፣ የእናንተ ዱቄት ነው ብለሽ ጽፈሽበታል። ሳየው በደስታ አለቀስኩ። ባለፈው ኅዳር ከአገር ስትወጡ፣ አዝያት ስሄድ አጥንቷ ጀርባዬን ይወጋኝ ነበር ብለሽ የጻፍሽልኝ ልጅ፣ እግሮቿ ሞልተው፣ ጉንጮቿ ተነፍተው፣ ዓይኖቿ በጉንጮቿ መሐል ጠብበው ቆማለች። አባቷ ይህን ሳያይ ሞተ ብዬ ደግሞ አለቀስኩ።

እሑድ ዕለት ፎቶውን ይዤ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። እዚህ ገና ቤተ ክርስቲያን የለንም። ካህን አልፎ አልፎ ከሌላ ከተማ ይመጣልናል፤ በሌላው እሑድ ከፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን በተዋስነው አዳራሽ ተሰብስበን ጸሎት አድርሰን፣ ስለ አገር አውርተን እንበተናለን። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እትዬ ማንያህልሻል እልል አሉ። እግሯን እዩልኝ፣ ቅቤ ስትጠጣ ያደገች ነው የምትመስለው አሉ። ባለቤታቸው ጋሼ ሀብተማርያም፣ ጸጉሯ ቀላ ማለቱን አይተው፣ መልኳም ወጣ አሉ። እኒህ ጋሼ ሀብተማርያም ለእኔ አባት ማለት ናቸው። በመኪናቸው ሥራ የሚያደርሱኝ እሳቸው ናቸው። የምኖርበት ቤት ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከተማሪዎች ጋር የተከራየሁት ስለሆነና ስልኩም የእነሱ ስለሆነ፣ መጠለያችሁን ለሚረዳው የእርዳታ ድርጅት፣ ስለ እናንተ አስቸኳይ ወሬ ቢኖር ብዬ የሰጠሁት እንኳ የእሳቸውን ቁጥር ነው። በዚያ ቀን ፎቶውን ከፍ አድርገው፣ ድካማችን ፍሬ አፈራ ብለው ለሰው ሁሉ አሳዩ።

ፎቶው ጸጋዬ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ጸጋዬ ሕክምና የሚማር የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ ሊጨርስ ጥቂት ነው የቀረው። ብዙ አየው። ከዚያ ወደ ውጭ ጠራኝና፣ ይቺ ልጅ ትስቃለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ፎቶውን አየሁት። አትስቅም። በዚያ ሁሉ ደስታ ውስጥ ይህን ያየ ሰው አልነበረም።

ይኼ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው አለኝ። ሆዷ የሚሞላ፣ ነገር ግን ገንቢ ምግብ የጎደላት ልጅ እንዲህ ታብጣለች፤ ጸጉሯ ይቀላል፣ ቆዳዋ ይላጣል፣ መጫወት ትታ ትነጫነጫለች፣ ከዚያም ዝም ትላለች አለ። ተናደድኩበት። ምቀኛ ነህ አልኩት፣ ምን እንዳስመቀኘው ግን እኔም አላውቅም። እሱ ግን፣ እናትየዋ በአውራ ጣቷ የእግሯን ጀርባ ጫን አድርጋ ትየው፤ ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ ነው፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ትውሰዳት አለኝ። እታለሜ፣ አሁኑኑ አድርጊው። እስክታደርጊው እጠብቃለሁ።

አሁን ስለ ዱቄቱ ልንገርሽ፤ እስካሁን ፋብሪካ እሠራለሁ ከማለት በቀር ምን እንደምሠራ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም፣ አፍሬበት ነው። ከብቶቻችን የሚጠጡበት ኩሬ ላይ ክረምት ሲወጣ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር ታስታውሻለሽ? እናታችን በእጇ ገፋ አድርጋ ውሃ የምትቀዳው? እሱን ነው የምናመርተው። አልጌ ይሉታል። ኒው አልባኒ ከሚባል የገበሬዎች መንደር ዳር ትልቅ የመስታወት ቤት አለ፤ ውስጡ ገንዳ በገንዳ ነው። ውሃውን እናማስላለን፣ ከላይ መብራት እናበራለታለን፣ ሲበቅል አጥልለን አድርቀን እንፈጨዋለን። ከእርሻው ሁሉ የሚገርመው ብርሃኑ ነው። አልጌው ብርሃን ሲያንሰው፣ ያለችውን ጥቂት ብርሃን ለመልቀም ብሎ ይጠቁራል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ግን በገንቢው ምግብ የተሞላ ይሆናል። ብርሃን ሲበዛለት ደግሞ ይሮጣል። ገንዳው ቶሎ ይሞላል፣ መልኩ ይነጣል፣ የተረፈውን ብርሃን ሁሉ ድንች ውስጥ እንዳለው ዓይነት ኃይል ሰጪ ምግብ አድርጎ ያከማቸዋል። ገንቢው ግን ያንሳል። ትምህርት ቤት የተማርነው ኃይል ሰጪና ገንቢ የሚሉት ትዝ ይልሻል? በዚያን ጊዜ ለፈተና ነበር የሸመደድነው።

ይህን ሁሉ የደረሰበት የመስታወት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ዌልደን ነው። የአገራችን ረሃብ በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ፣ አልጌው ለስደተኞች ይሂድ ብሎ የተነሣው እሱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ድርጅቱ ግን ዱቄቱን ከመቀበሉ በፊት ሰዎቹ ይጠጡታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩም እኔን ጠራና፣ የአገርሽን ሰዎች ሰብስቢልኝ፣ ሁለቱንም ዓይነት ቀምሰው ይምረጡ አለኝ። እንዴት እንደኮራሁ! ጠራጊና አማሳይ የነበርኩት ልጅ ባንድ ጊዜ ስለ ሕዝቧ የምትጠየቅ ሰው ሆንኩ።

መጋቢት ውስጥ በአዳራሹ ተሰበሰብን። እትዬ ማንያህልሻል በሁለት ድስት የማሽላ አጥሚት ሠርተው በአንዱ ጠቆር ያለውን፣ በሌላው ነጣ ያለውን ዱቄት ጨመሩበት። ዐቢይ ጾም ስለነበረ መጀመሪያ የተነሣው ክርክር፣ የጾም ነው አይደለም የሚል ሆነ። ሽታው ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ከውሃም የወጣ ነው፤ ነገር ግን ደም የለውም፣ እንደ ቅጠል ነው። በዚህ ብዙ ተነታረክን። አሁን ሳስበው፣ በዋናው ጉዳይ ላይ ያን ያህል እንኳ አልተከራከርንም።

ጠቆር ያለው አጥሚት እርጥብ እበት ነበር የሚመስለው። እትዬ ማንያህልሻል አፍንጫቸውን ይዘው ቀመሱና ፊታቸውን አዞሩ። ነጣ ያለው ግን ለስለስ ያለ፣ የአተር ሾርባ የመሰለ፣ ሽታውም እምብዛም የማያስቸግር ነበር። ጋሼ ሀብተማርያም አንድ ኩባያ ጠጥተው ደገሙና፣ ይሄማ ማኛ ነው አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛ መቼም ጤፍ ቢሆን እንግዳ ፊት የምናቀርበው ነጩን ነው፤ ቀዩን ለቤት እናስቀራለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዱቄቱ ስም ማኛ ሆኖ ቀረ።

ዶክተሩ ተነሥቶ፣ ከመምረጣችሁ በፊት እወቁት፣ ጠቆር ባለው ውስጥ ያለው ገንቢ ምግብ የሌላኛውን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም አለ። ተረጎምኩ። ጋሼ ሀብተማርያም ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ያልተዋጠ ምግብ ምን ይገነባል አሉ። የተራበ ሰው ያገኘውን ይበላል የሚለው ተርቦ የማያውቅ ፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሰው ቢራብም ሰው ነው፤ እበት የመሰለ ነገር በቆርቆሮ ሞልተን ብንልክለት፣ ወገኖቼ ከከብት ቆጠሩኝ ብሎ ይሞታል እንጂ አይነካውም አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሳቸው ከተናገሩት ይልቅ አሳምሬ ነው የተረጎምኩላቸው። እዚህ አገር ዲግኒቲ የምትባል፣ የሰው ክብር እንደማለት የሆነች ቃል አለች፤ እሷን ቀድሞ የጠራ ሰው አይረታም። ጠራኋት። ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። እጅ ሲወጣ ለጠቆረው አንድም እጅ አልወጣለትም፣ የእኔም አልወጣም።

ከዚያ በኋላ በገንዳዎቹ ሁሉ ላይ መብራቱ ከፍ ተደረገ። ምርቱ ጎረፈ። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ስናሽግ እዘፍን ነበር። ለአንቺም በሰኔው ደብዳቤዬ፣ ጥቁር ነገር ቢሰጡሽ ተዪው፣ ነጣ ያለውን ጠይቂ፣ እኛ መርጠን ያስላክንላችሁ እሱን ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። ያን ደብዳቤ አግኝተሽ ከሆነ ቅደጂልኝ።

ጸጋዬ ያን ካለኝ በኋላ ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ቢሮ ገብቼ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አይቶት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ምን ትበላለች ብሎ ጠየቀኝ። ዱቄቱ ከመጣ ወዲህ ለሕፃናቱ ይታደል የነበረው ወተት ቀርቷል ብላ ጽፋልኛለች አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ዱቄቱ በወተቱና በምስሩ ላይ እንዲጨመር ነበር እንጂ ወተቱ እንዲቀርበት አልነበረም አለ። ለድርጅቱ ኮል አደረገ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። በወዲያ በኩል ያለው ሰው፣ ሰዎቹ በጣም ወደውታል፣ እስካሁን ከላክነው ሁሉ እንዲህ የተወደደ የለም አለው። ወደውታል! እንግዲህ እኛም እንዲወደድ ብለን ነው የመረጥነው። በክፋት ያደረግነው ቢሆን፣ ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። ዶክተሩ ስልኩን ዘግቶ ዕለቱን ከመብራቶቹ ግማሹን አስጠፋ፤ ወተቱ እንዲመለስም ደብዳቤ እየጻፈ ነው። አልጌው ግን መብራት ስለጠፋ ባንዴ አይጠቁርም፣ መርከብም ክንፍ የለውም። በጥላው ገንዳ የበቀለ ጥቂት ነበረን፤ ዶክተሩ ሰጠኝ፣ በነርሷ እጅ የላክሁልሽ እሱ ነው።

በቀጣዩ እሑድ ተነሥቼ ይህን ሁሉ ለሰው ተናገርኩ። እትዬ ማንያህልሻል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጋሼ ሀብተማርያም ግን ተቆጡ። ጸጋዬ ገና ተማሪ ነው፣ ሰው በፎቶ አይመረመርም፣ ለእህትሽም ይህን ጽፈሽ ልቧን እንዳታፈርሺው አሉኝ። እኔም፣ እንግዲያው ማኛዎን ራስዎ ይጠጡት አልኳቸው። ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት! አንቺ ብትኖሪ በጥፊ ነበር የምትይኝ፣ እኔም ዝም ብዬ እቀበልሽ ነበር። ሰውየው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

ትናንት ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ኮል አደረግኩላቸው። እትዬ ማንያህልሻል አንሥተው ድምፄን ሲሰሙ፣ አንቺ ነሽ ልጄ አሉኝ። ጋሼን ያገናኙኝ ብላቸው አይመቻቸውም አሉ። ከዚያ፣ እራት በልተሻል ወይ፣ ነገ ሥራ አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝና ስልኩን ዘጉት። እንዲህ ዓይነት ኩርፊያ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ዓይኔ እምቢ አለኝና ተኛሁ። አሁን ነግቷል፣ ቅዳሜ ነው። ነርሷ ረፋዱ ላይ ስለምትነሣ ከዚያ በፊት ጽፌ ላድርስላት። ዱቄቱን እንዴት እንደምታዘጋጂው ልንገርሽ፦ አጥሚቱ ከበሰለ በኋላ አውርደሽ፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ጨምሪበት። ሽታው ይረብሻታል፣ ታውቂያታለሽ፣ ትተፋዋለች። ስኳር ካገኘሽ ትንሽ ጣል አድርጊበት። ከተፋችው ደግመሽ ስጫት። አታባብያት፣ ተቆጫት፤ በኋላ እኔ መጥቼ እታረቃታለሁ። ለነርሷም ሁሉን ነግሬያታለሁ፣ የሉሉን ፎቶ አሳይቻታለሁ፣ ስትደርስ መጀመሪያ እናንተን እፈልጋለሁ ብላኛለች።

በር ተንኳኳ።

በመስኮት አየሁ። የጋሼ ሀብተማርያም መኪና ቆማለች፤ ከኋላዋ ሌላ መኪና፣ ከእሱም ኋላ ሌላ። እትዬ ማንያህልሻል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ወንዶቹ ኮት ደርበው ደጁ ላይ ቆመዋል፣ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ጸጋዬም አብሯቸው አለ፤ ቀና ሲል አየኝና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ተማሪዎቹ ተኝተዋል፣ ከእኔ በቀር የሚከፍት የለም።

መጀመሪያ የመጣችብኝ ሉሉ ናት። ከዚያ ደግሜ አየኋቸው። እታለሜ፣ ለሕፃን እንዲህ ሆኖ አይመጣም። ለሕፃን አንዲት ሴት ብቻዋን መጥታ፣ አጠገብሽ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ ታወራሻለች። ይህን ያህል ሰው በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣው ለትልቅ ሰው ነው።

በጻፍሽልኝ ደብዳቤ ሁሉ ውስጥ ስለ ሉሉ ነው የምትጽፊልኝ። እኔም የምጠይቅሽ ስለ ሉሉ ነው። የእኔንም ድርሻ እሷ ትጠጣዋለች፣ እኔን ሽታው አይስማማኝም ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ ማኛ የሚሸተው ለአንቺ ብቻ ነው ወይ ብዬ ቀለድኩብሽ እንጂ፣ ታዲያ አንቺ ምን ትበያለሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም። አሁን እጠይቅሻለሁ። ምን እየበላሽ ነው የከረምሽው?

እንደገና አንኳኩ። በቀስታ ነው የሚያንኳኩት፣ የተጣላ ሰው እንዲህ አያንኳኳም። ይጠብቁ። ደብዳቤዬን ፈርሜ ፖስታውን ሳልዘጋ በር አልከፍትም።

እግዚአብሔር ሉሉን ያሳድግልሽ፤ ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ አንቺ ታዪው ዘንድ ይፍቀድልሽ። ድንኳንሽን ነፋስ አይንካው። እመቤቴ በአገራችን መሬት ፊት ለፊት ታገናኘን። ሉሉን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ከጥቅሉ አንድ ማንኪያ ለእሷ፣ አንድ ማንኪያ ለአንቺ አድርጊው። እምቢ እንዳትዪኝ፤ ሽታው ካስቸገረሽ አፍንጫሽን ይዘሽ ጠጪው። መልስሽን በዚችው ነርስ እጅ እጠብቃለሁ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ